የዓይን ምርመራና የኅሊና እውነት

ባለፈው ዐቢይ ጾም በአንዱ ዓርብ ማታ፣ ከፍኖተ መስቀል ጸሎት በኋላ፣ በቀጨኔ ተወልዳ ያደገች አንዲት ወጣት ልታነጋግረኝ ቆየች። ጉዳይዋ ኑዛዜ አልነበረም፤ ኑዛዜ ቢሆን ኖሮ ስለዚህ ነገር አንዲት ፊደል እንኳ መጻፍ ባልተገባኝ ነበር። የመጣችው ምክር ፈልጋ ነው፤ ማንነቷን ሳልገልጥ ጥያቄዋን በዚህ መጽሔት እንዳነሣውም ራሷ ፈቅዳልኛለች።

ታሪኩ አጭር ነው። ወጣቲቱ ከልጅነቷ ጀምሮ የሩቁን አጥርታ ስለማታይ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች። በውጭ ሀገር የምትኖር እኅቷ ገንዘብ ላከችላትና፣ በጨረር ዓይንን አስተካክሎ መነጽር የሚያስጥለውን ሕክምና ለማግኘት ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄደች። በሁለት ቀጠሮ ብዙ ዓይነት ምርመራ ተደረገላት። በመጨረሻ ሐኪሙ ወረቀቶቹን በፊቷ ዘርግቶ፣ የቀኝ ዓይኗ ብሌን ስስ መሆኑንና ቅርጹም እንዳሳሰበው ገልጦ «እኔ ይህን ዓይን በጨረር አልነካም» አላት። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ እንድትለካም አዘዛት። ወዳጆቿ ግን ሌላ ቦታ ጠቆሟት፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ቀጠሮውም የቀረበ ነው ተባለ። ምክርም ጨመሩላት፤ የፊተኛውን ውጤት አታንሺ፣ ዓይንሽን እንደምታሺም አትናገሪ፣ መነጽርሽ በየዓመቱ እየወፈረ መምጣቱንም ተዪው አሏት።

«አባ» አለችኝ፣ «ካልጠየቁኝ ዝም ብል ውሸት ይሆንብኛል? ደግሞስ ዓይኑ የራሴ አይደለም እንዴ?»

በዘርአ ክህነት ሳለን የሥነ ምግባር መምህራችን ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ሲቀርብላችሁ መልሱን አታፍጥኑ ይሉን ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጨነቀው በሁለተኛው ነውና። እኔም የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመንኋት። በዚያ ሳምንት ያሰብሁትንና ያነበብሁትን፣ ከአንድ የዓይን ሐኪም ወዳጄም የተረዳሁትን ነው እዚህ የማቀርበው።

አስቀድሞ ከመንገድ ሊነሣ የሚገባው አንድ መሰናክል አለ። አንዳንድ ምእመናን ይህን የመሰለ ነገር ሲሰሙ «መነጽር እያለላት ይህ ሁሉ ለውበት ነው፣ ከንቱነት ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔም ጥቂት እንዲህ ማሰቤን አልደብቅም። ነገር ግን የዚህችን ልጅ ሰፈር አውቃለሁ። ቀጨኔ ከከተማችን ምሥረታ አንሥቶ ባለ እጆች የኖሩበት፣ እናቶች ጭቃ ረግጠው ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስትና ገንቦ የሚሠሩበት፣ አባቶች ሸማ የሚሸምኑበት ስፍራ ነው። አዲስ አበባ ቡናዋን ያፈላችው፣ እንጀራዋንም የጋገረችው በእነዚህ እጆች ሥራ ነው። ውለታው ግን ስድብ ሆነ። ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ መፍራትና መሸሽ፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ብሎ ከገበታ መለየት፣ በጋብቻም መራቅ በሀገራችን ሥር የሰደደ ክፉ ልማድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ልማዱ ግን ከአዋጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል።

የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነችው ይህች ወጣት በትምህርት ቤት ሁለት ስም ነበራት። አንዱ «ባለ አራት ዓይን» ነበር፤ ሁለተኛውን አንባቢ ያውቀዋል። ሁለቱም በዓይኗ ላይ የወደቁ ናቸው። «ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኔን ነው፤ ያየውንም አይወደውም» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ከንቱነት የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት አፈርሁ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም እንዲህ ያለውን ምኞት በጅምላ አይኰንንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1958፣ ይኸውም ከማረፋቸው ከአምስት ቀን በፊት፣ ለኢጣልያ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር መልክን የሚያስተካክል ሕክምና በራሱ ክፉ እንዳልሆነ፣ መልካምነቱና ክፋቱ የሚለካው በሰውየው አሳብ፣ በሁኔታውና በሚያስከትለው አደጋ መሆኑን አስረድተዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በአንድ በኩል (ቁ. 2288) ጤንነት ከእግዚአብሔር የተሰጠን አደራ ስለ ሆነ በአግባቡ እንድንጠብቀው ያዝዛል፤ በሌላ በኩል (ቁ. 2289) ሰውነትን ጣዖት አድርጎ ማምለክን ይነቅፋል። ከእነዚህ ሁለት ድንበሮች መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ የልጅቷ ምኞትም በዚያ ሜዳ ውስጥ ነው። መነጽር መጣል ኃጢአት አይደለም። እንግዲህ ክርክሩ በምኞቱ ላይ ሳይሆን ወደ ምኞቱ በሚወስደው በር ላይ ነው፤ በሩም ምርመራው ነው።

ስለዚህ ምርመራው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የዓይን ምርመራ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ማንበብ ነው፤ ሆላንዳዊው ሐኪም ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያዘጋጀው ዓይነት። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ወደ አራቱም አቅጣጫ የዞረ አንድ ምልክት አለ፤ እናቶቻችን የምልክቱ እግር ወዴት እንደሚያመለክት በእጃቸው ያሳያሉ። ከጨረር ሕክምና በፊት የሚደረገው ግን ከዚህ እጅግ ይረዝማል። አስቀድሞ፣ በዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ የሚያደርግ ሰው ከቀጠሮው ቀናት፣ እንደ ሌንሱም ዓይነት ሳምንታት ቀደም ብሎ እንዲያወልቀው ይነገረዋል፤ ሌንሱ የብሌኑን ቅርጽ ስለሚጫነው የሚለካው እውነተኛው ዓይን አይሆንምና። የመነጽሩ ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል መርጋቱ ይጠየቃል። እርጉዝና የምታጠባ እናት እንድትጠብቅ ትመከራለች። የእንባው መጠን በዓይን ሽፋሽፍት ሥር በምትንጠለጠል ቀጭን ወረቀት ለአምስት ደቂቃ ይለካል። ብርሃን የሚገባበት ጥቁሩ ክብ በጨለማ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይታያል። ጠብታ ተደርጎ የዓይን ውስጠኛው ግድግዳ፣ ሬቲና፣ ይመረመራል፤ በዚያ ቀን ተመርማሪው ፀሐዩ እያንጸባረቀበት፣ የቅርቡን ማንበብ ተስኖት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ወሳኝ የሆኑት ግን የብሌኑ ውፍረትና ካርታው ናቸው። ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፣ የዓይን ባንካችን ብሌን እያለ ያስለመደን ያ የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን በመካከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይወፍራል፤ በብዙ ሰዎች ወደ 540 ማይክሮን ነው። ጨረሩ ዓይንን የሚያስተካክለው ከዚህ ሽፋን ላይ በመፋቅ ነው፤ የሩቁን ለማያይ ዓይን በአንድ ዲዮፕተር ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ያህል ይወስዳል። ላሲክ በሚባለው ዘዴ ደግሞ አስቀድሞ ወደ 110 ማይክሮን የሚሆን ስስ ክዳን ተቈርጦ ይገለጣል፤ ክዳኑ ተመልሶ ቢሸፈንም ለጥንካሬው አይቈጠርም። ከሁሉ በኋላ የሚቀረው ቢያንስ 250 ማይክሮን እንዲሆን ይፈለጋል፤ ጠንቃቆች ከዚያም በላይ ይላሉ። የልጅቷ ብሌን 480 ነው፤ መነጽሯ 8 ዲዮፕተር ነው። አንባቢ ራሱ ቢቀንሰው ከድንበሩ ጫፍ ላይ መድረሷን ያገኘዋል።

ይህን ሒሳብ ሲያስረዱኝ ወዲያው የታየኝ የእናቷ ሥራ ነው። ሸክላ ሠሪ ገንቦውን ከሠራች በኋላ በጥላ ታደርቀዋለች፤ እርጥቡን ወደ እሳት የሰደደች ሴት ያገኘችው ገል ነው። ከመቃጠሉ በፊት ውጭውን ትፍቀዋለች፣ ታለሰልሰዋለችም። መፋቁ ዕቃውን ያቀልለዋል፣ ያሳምረዋልም፤ ነገር ግን ግድግዳው በአንድ ወገን የሳሳ ከሆነ እጇ ያውቀዋል፤ እዚያ ስትደርስ ታቆማለች። የዓይንም ነገር እንዲሁ ነው። በማየት ብቻ ደኅና የሚመስል፣ ነገር ግን በአንድ ወገኑ የደከመ ብሌን ከተፋቀ በኋላ ውስጣዊው ግፊት ወደ ፊት ይወጥረዋል፤ እያደር እየሾጠጠ ሄዶ ዕይታውን ያበላሻል፤ ያን ጊዜ መነጽርም አያስተካክለውም። ኬራቶኮነስ በሚባለው በሽታ ይህ ያለ ጨረር በራሱ ይደርሳል፤ ዓይንን አዘውትሮ ማሸትም ከበሽታው ጋር ተያይዞ ይታያል። ካርታው የሚነሣው የዚህ በሽታ ጅማሬ ካለ ከጨረሩ በፊት ለማወቅ ነው። ሐኪሙን ያሳሰበው ይኸው ነበር።

ይህ የመለካት ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች በዓይናቸው የገዙት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ሐኪሟ ማርጌሪት ማክዶናልድ የማየት ኃይል ባለው የሰው ዓይን ላይ ይህን ጨረር በመጀመሪያ ስትጠቀም፣ ዓይኗን የሰጠቻት በካንሰር ምክንያት ያ ዓይኗ እንዲወጣ የተወሰነባት ሴት ነበረች። ሊጠፋ የተፈረደበትን ዓይኗን የሌሎች ዓይን እንዲድን ለምርመራ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ሕክምናው በዓለም ተስፋፋ፤ በ1998 ደግሞ ጀርመናዊው ቴዎ ዛይለርና ባልደረቦቹ ከላሲክ በኋላ ብሌናቸው የተወጠረባቸውን ሕሙማን ታሪክ አወጡ። ስለ ውፍረትና ስለ ቅርጽ የሚደረገው ጥንቃቄ የጠበቀው ከእንዲህ ያለው ጉዳት ትምህርት ተወስዶ ነው። ምርመራውን ማታለል እንግዲህ የእነዚህን ሰዎች መከራ ፍሬ አልባ ማድረግም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል፤ «ሁለተኛውም ክሊኒክ መሣሪያ አለው፣ መሣሪያው ይለካል፤ የልጅቷ መናገር አለመናገር ምን ይለውጣል?» ይለኛል። ወጣቲቱም ይህንኑ ብላኛለች። ወዳጄ ሐኪም ግን እንዲህ ሲል መለሰልኝ፤ መሣሪያ የዛሬን ይለካል እንጂ የትናንትን አያውቅም። የመነጽሩ ቁጥር በየዓመቱ ማደጉን፣ ዓይን መታሸቱን፣ በቤተ ሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ በሽታ መኖሩን፣ ሌንሱ የወለቀው ትናንት ማታ መሆኑን የሚናገር መሣሪያ የለም። ከድንበሩ ጫፍ ላይ ባለ ዓይን ደግሞ ሚዛኑን ወዲህ ወይም ወዲያ የሚያዘነብለው ይህ ከአፍ የሚወጣው ነገር ነው። መነጽር እንኳ ሲለካ ሐኪሙ ሁለት መስታወት እያፈራረቀ «የትኛው ይሻላል?» እያለ ይጠይቃል፤ ብዙዎቻችን ልዩነት ሳናይ፣ እንዳንታዘብ ፈርተን፣ «ሁለተኛው» እንላለን። እኔ ራሴ ብያለሁ። ያን መነጽር አድርጌ አንድ ዓመት ሙሉ ግንባሬን ሲያመኝ ኖርሁ፤ ተጠያቂውም እኔ ነበርሁ።

በቅዱስ ወንጌል ጌታችን ብዙ ዕውራንን ፈውሷል። በአንዱ ብቻ ግን በፈውሱ መካከል ቆሞ ይጠይቃል፤ የቤተ ሳይዳውን ዕውር ማለቴ ነው (ማር. 8፥22-26)። እጁን ከመንደሩ ይዞ አወጣው፣ በዓይኖቹ ላይ ምራቁን አደረገ፣ እጁንም ጫነበት፣ ከዚያም አንዳች የሚያይ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው በዚያች ቅጽበት ምን ሊል ይችል ነበር? በፊቱ የቆመው ታላቅ ነቢይ ነው፤ እጁን ጭኖበታል፤ ያመጡት ሰዎችም ውጤቱን ይጠብቃሉ። «አዎን፣ አየሁ» ብሎ ቢያመሰግን ይሉኝታውም ክብሩም ይጠበቅለት ነበር። እርሱ ግን ሰዎችን እንደሚመላለሱ ዛፎች አድርጎ እንደሚያይ ተናገረ፤ ማለትም ገና አላየሁም አለ። ጌታችን ዳግመኛ እጁን የጫነው ከዚህ መልስ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ሁሉን አጥርቶ አየ። የሊቃውንት ትርጓሜ በዚህ ስፍራ ስለ ደቀ መዛሙርቱ እምነት ቀስ በቀስ መብራት ይናገራል፤ እውነት ነው። እኔን ግን በዚህ ሳምንት የነካኝ የሰውየው መልስ ነው። አምላክ እንኳ፣ ሁሉን የሚያውቀው፣ ከታመመው አፍ እውነቱን መስማት ወደደ። ሐኪምማ ምን ያህል ይበልጥ ያስፈልገው!

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ዝምታ ውሸት ነውን? ሁልጊዜ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኵናስ ውሸት ሁሉ ኃጢአት መሆኑን ካስተማረ በኋላ እውነትን በብልሃት መሰወር ግን የተፈቀደ ጊዜ እንዳለው ይናገራል። ካህን የኑዛዜን ምስጢር፣ ወዳጅም የወዳጁን ገመና ይሰውራል። ይህች ልጅ በታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ስለ ዓይኗ ቢጠይቃት የመመለስ ግዴታ የለባትም። የሐኪሙ ወንበር ግን ሌላ ነው። ይኸው ሊቅ በሱማ ቴዎሎጂካ ስለ ንግድ ሲጽፍ ሻጭ የዕቃውን ነውር የመናገር ግዴታ አለበትን ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ነውሩ በግልጥ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይና ቢሆንና ዋጋውም በዚያው ልክ ቢቀነስ፣ መናገር ግዴታ ላይሆን ይችላል፤ የተሰወረና በገዢው ላይ ጉዳት ወይም አደጋ የሚያመጣ ነውር ከሆነ ግን ዝም ያለ ሻጭ በድሏል የሚል ነው። የቀጨኔ እናቶች ይህን ያለ ሱማ ያውቁታል። ገዢ ጀበናውን አንሥቶ በጣቱ ቋ ቋ ያደርገዋል፤ ድምፁ የጠራ ከሆነ ይገዛዋል፣ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ አለበት። እግዚአብሔርን የምትፈራ ሸክላ ሠሪ ግን ገዢው ከማንኳኳቱ በፊት ራሷ አንኳኩታ ስንጥቁን ለይታ ታስቀምጣለች። የልጅቷ እናት ይህን ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ ጉዳይ የሚደንቀው ግን ነውሩን የሚደብቀውና በነውሩ የሚጎዳው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ልጅቷ ሐኪሙን ብታታልል ዓይኑን የሚያጣ እርሱ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄዋ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ «ዓይኑ የራሴ አይደለም እንዴ?» ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ በዘመናችን ብዙ ሰው የሚመራበትም ነው። መልሴ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ትምህርት ነው። ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1952 ለሐኪሞችና ለተመራማሪዎች ሲናገሩ ሰው የሰውነቱ ፍጹም ጌታ ሳይሆን ተጠቃሚና አደራ ጠባቂ መሆኑን፣ አንዱን ብልት አሳልፎ የመስጠት መብት የሚኖረውም ለመላው ሰውነት ጥቅም ሲሆን መሆኑን አስተምረዋል። የማየት ኃይልን ለመልክ ሲሉ በታወቀ አደጋ ላይ መጣል ከዚህ አደራ ጋር አይስማማም። ይህ ለማንኛውም አማኝ ግልጥ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ግን ለእኔ ይበልጥ ከባድ ነው፤ በመጻሕፍትም ብዙ አላየሁትም። ሐኪሙም ሰው ነው። ኅሊና አለው፤ ማንንም ላለመጉዳት የተሰጠ እጅ አለው። እውነቱን ደብቃ በእጁ ዓይኗን ብታስጎዳ፣ ሳያውቅ የጉዳት መሣሪያ አድርጋዋለች። ዓይኑ የእርሷ ነው እንበል፤ እጁ ግን የእርሷ አይደለም። አንድን ሰው፣ ቢያውቅ ኖሮ እንቢ የሚለውን ነገር፣ በማታለል ማሠራት ፈቃዱን መስረቅ ነው። ዝምታዋ ውሸት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የተሠወረው ነገር ሌላው ሰው ለመፍረድ የሚያስፈልገው፣ እንዲያውቀውም መብት ያለው ነገር ነውና።

ይህን ስል የሐኪሞችን ወገን ብቻ እንደያዝሁ አይቈጠርብኝ። ይኸው ሚዛን በእነርሱም ላይ ይሠራል፣ ምናልባትም ጠንክሮ። የታመመን ዓይን የሚያክም ሐኪም ባያክመው የሚቀርበት በሽታ አለ፤ በመነጽር አጥርቶ የሚያይን ዓይን የሚነካ ግን ሁልጊዜ «ቢተወውስ?» የሚል ጥያቄ ፊቱ ቆሟል። ለዚህ ሥራ የሚቀበለው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ካርታውን በሚፈልገው ቀለም ያነብባል። «እንቢ» ለማለት ያልተዘጋጀ ምርመራ ሥርዓት እንጂ ምርመራ አይደለም። ወጣቲቱን የመለሰው ያ የመጀመሪያው ሐኪም የሕክምናውን ዋጋ በእጁ ሳለ ትቶታል። እርሷ ጨካኝ አለችው። እኔ ግን በዚያ ሳምንት በጸሎቴ አስቤዋለሁ።

ለራሴም አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። ዕድሜዬ ከአርባ ስላለፈ የቅዳሴውን መጽሐፍ ክንዴን ዘርግቼ ማንበብ ጀምሬአለሁ፤ ለወዳጄ «ለእኔስ ይሆን ይሆን?» ብለው ሳቀብኝ። በዕድሜ የሚመጣው የቅርብ ማንበብ ችግር ከዓይን ውስጠኛው ሌንስ መጠንከር የተነሣ ስለ ሆነ፣ የሩቁን የሚያስተካክለው ይህ ሕክምና ያን የወጣትነት ኃይል አይመልሰውም አለኝ። እኔም እንቢታን ተቀበልሁ፤ በእርግጥ የእኔ እንቢታ ርካሽ ነው፤ በገበያ መነጽር ይታለፋል፣ በዓይኔም የሰደበኝ ሰው የለም።

በዚህ አጋጣሚ ሳላነሣው ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከስውራኑ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ የታወሩ ነበሩ። ዕይታቸው ከደከመው መካከል አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት የሚያስፈልጋቸው መነጽር ብቻ ነበር። ወጣቲቱ ልትጥለው የምትጸየፈውን ነገር ያጡ ሰዎች ማለት ነው። ይህን ለእርሷ አልነገርኋትም። የሌላውን ችግር በሰው ቁስል ላይ እንደ ጨው መነስነስ የካህን ሥራ አይመስለኝም፤ ደግሞም የእኅቷ ገንዘብ ወደ ጨረሩ ባይሄድ ወደ ትራኮማው ሕሙማን ይሄዳል ማለት አይደለም። ነገር ግን ለእኛ፣ በምጽዋት ሳጥን ፊት ለምናልፈው፣ ቁጥሩ መነገር አለበት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የዓይን ባንክም ብሌኑን ከሞቱ በኋላ ለመስጠት ቃል የሚገባ ምእመን ቤተ ክርስቲያን ትከለክለኛለች ብሎ አይስጋ፤ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1956 ስለ ብሌን ልገሳ ሲናገሩ የሟቹንና የቤተ ሰቡን ክብር ጠብቆ የሚደረገውን ልገሳ ፈቅደውታል። ብሌናቸው እጅግ ሾጥጦ መስተዋቱ የተበላሸባቸውም ከእንዲህ ያለው ስጦታ ነው የሚጠቀሙት።

በሳምንቱ ወጣቲቱ መጣች። ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ አልደረደርሁላትም። ያልኋት ይህን ነው፤ «ልጄ፣ ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ማንም አይወቅስሽም። ነገር ግን የፊተኛውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ ዓይንሽን እንደምታሺም ተናገሪ። ያን ሁሉ ሰምቶ እሠራለሁ የሚል ከሆነ ምክንያቱን ጠይቂው።» ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እንቢ ቢለኝስ?» አለች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያጽናና መልስ አልነበረኝም፤ እንደሌለኝም ነገርኋት።

ሄደች። ወረቀቱንም አሳየች። ሁለተኛው ሐኪም እንደገና ለካት፣ ስለ መነጽሯም ታሪክ ጠየቃት፤ በመጨረሻም ጨረሩን ተዪው፣ ብሌንሽ እየተለወጠ እንደሆነ እናያለን፣ ከተለወጠም በጠብታና በብርሃን የሚያጠነክረው ሌላ ሕክምና አለ አላት። ተናድዳ ነው የተመለሰችው። «እውነቱን ተናገርሁ፤ ምን አተረፍሁ?» አለችኝ በቁሟ። ዓይኗን ልታሽ እጇን አነሣች፤ ከዚያ አስታወሰችና መልሳ ዝቅ አደረገችው።

ቀጠሮዋ በመጪው መስከረም ነው። እናቷ አብራት ትሄዳለች።